ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው የአየር መንገድ ርቀትና የጉዞው ጊዜ

ብዙ ሰው ዘመዱ ከዋሽንግተን የሚገባበትን ወይም ወደዚያ የሚደርስበትን ሰዓት ለማወቅ ሲፈልግ ርቀቱን ለአይሮፕላኑ ፍጥነት አካፍሎ ነገሩን የጨረሰ ይመስለዋል። ይህ ሒሳብ በአንደኛው አቅጣጫ ሲሠራ በሌላው ያሳስታል፤ ምክንያቱን ማወቅም እንግዳ ለመቀበል ለሚወጣ ሰው፣ መልእክተኛ ለሚልክ መሥሪያ ቤትም ይጠቅማል።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ የአይሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት በአጭሩ መንገድ ሲለካ 11,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው መስመር ሰሐራን ሰንጥቆ ያልፋል፤ አጭሩ መንገድ ግን እርሱ አይደለም። በትምህርት ቤት የሚገኘውን የምድር ሉል ወስዶ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር የሚወጥር ሰው፣ ክሩ ወደ ሰሜን ጐበጥ ብሎ በሱዳንና በሊቢያ፣ ከዚያም በእስፓኝና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ሲወጣ ያያል። ክሩ እንዳይላላ መጠንቀቅ ነው እንጂ ሌላ መሣሪያ አያሻም።

ትልቅ ጄት አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር ሒሳቡ 13 ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ከዋሽንግተን ሳያርፍ የሚመጣው አይሮፕላን በእርግጥም በዚህ ጊዜ አካባቢ ይደርሳል። ወደዚያ የሚሄደው ግን ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ሲያርፍ፣ ለምሳሌ በደብሊን በኩል ሲያልፍ፣ ጉዞው 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል።

የልዩነቱ ዋና ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የአስመራውም ከዚህ ብዙ አይለይም። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ስለሚሳሳ፣ ክብደቱ የዚያን ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ክንፉን የሚደግፈው አየር ሲሳሳ አይሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ይበልጥ መፍጠን፣ ስለዚህም ረጅም መንደርደር ይገባዋል፤ በዚያው ላይ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል። መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ቢረዝምም፣ ለጠቅላላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ በአንድነት ጭኖ መነሣት ይከብዳል። የደለስ ማረፊያ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደግሞም በአትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ሰማይ ብርቱ ነፋስ ሂያጁን ይገታል፤ መጪውን ይገፋል።

የሰዓቱም ልዩነት አለ። የዋሽንግተን ሰዓት ከአዲስ አበባው በእነርሱ ክረምት 8፣ በእነርሱ በጋ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በጥር ወር ከዋሽንግተን ከጧቱ 5 ሰዓት አይሮፕላን ቢነሣ፣ በዚያች ደቂቃ አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ 13 ሰዓት ሲጨመርበት በማግሥቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ይደርሳል። መነሻውን ቀን ብቻ ሰምቶ በዚያው ቀን ቦሌ የወጣ ዘመድ ሌሊቱን በከንቱ ይጠብቃል። በአንጻሩ በዚያው ወር ከቦሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነሥቶ 17 ሰዓት የተጓዘ መልእክተኛ በዋሽንግተን ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት ይገባል። በወረቀት ላይ 9 ሰዓት ብቻ የተጓዘ ስለሚመስል፣ ለዚያው ጧት ስብሰባ የያዘለት መሥሪያ ቤት ሌሊቱን በመንገድ ያደረ ሰው ያስቀምጣል።