ሩብ ሰዓት ስጡት!

ልጃችሁ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ አሁንም ማንበብ አቅቶታል? ተረት ሲሰማ አንድም ነገር አያመልጠውም፤ ደብተር ሲገለጥ ግን «ሆዴን አመመኝ» ይላል? ትናንት የለየውን ፊደል ዛሬ እንደ አዲስ ያየዋል?

«ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ቆም በሉ።

ምናልባት ዲስሌክሲያ ይሆናል። ድምፅን ከፊደል ጋር ማገናኘት የሚከብድበት፣ ብዙ ጊዜም በዘር የሚወረስ የንባብ ችግር ነው። ከብልህነት ጋር ጠብ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ማንበብ ስላቃተው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። የልጁ መምህር ምን አሉ? ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ እሱ ይበልጥ ነበር!

የእናንተም ልጅ የሚመቸውን መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ ተነሡ!

መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅም፣ የመምህሩ ድምፅ በደንብ የማይሰማው ልጅም በንባብ ወደ ኋላ ይቀራል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ካገኛችሁ አማክሩ። ካላገኛችሁስ? እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ልምምዱ የምርመራ ወረቀት አይጠይቅም።

ቀጥሎ ፈትሹት። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ገበታውን በዜማ ይወርደዋል? አትዘናጉ። ዜማውን ሸምድዶት ሊሆን ይችላል። ጣታችሁን መሀል ገበታ ላይ፣ «ቤ» ላይ አድርጉና ጠይቁት። ከዚያ «ኮ»ን። የት ላይ ተደናገረ? ሥራችሁ የሚጀምረው እዚያ ነው።

አሁን ሩብ ሰዓት ስጡት። በየቀኑ! ሳምንቱን ሙሉ ረስቶ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ማስለቀስ አይሠራም።

በጆሮ ጀምሩ። «ቡና»ን እያጨበጨባችሁ ክፈሉት፤ ቡ፣ ና። «ቡ»ን ብናወጣ ምን ቀረ? ይህን ጨዋታ ታክሲ ውስጥም፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁም መጫወት ትችላላችሁ።

በእጅ ቀጥሉ። ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሱ። ፊደሉን በጣቱ ይጻፍ፤ እየጻፈም ድምፁን ጮክ ብሎ ይጥራው። ዓይን፣ ጆሮና እጅ አብረው ይማሩ። ሳሙኤል ኦርተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና አና ጊሊንግሃም የተባለች መምህርት የዛሬ 90 ዓመት ገደማ ያስፋፉት ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው።

የፊደሉን ሥርዓትም እንዲያስተውል እርዱት። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231! ለትንሽ ልጅ ያስፈራል። ግን ፊደላችን ዘዴ አለው። ቡ፣ ሉ፣ ሱ ወገባቸው ላይ ጭረት አላቸው። ቢ፣ ሊ፣ ሲ እግራቸው ላይ። ቤ፣ ሌ፣ ሴ ደግሞ እግራቸው ላይ ቀለበት። ይህን ራሱ ይድረስበት! እንደ «ሩ» ያሉት አፈንጋጮች ቆይተው ይመጣሉ። «በ» እና «ሰ» ይምታቱበታል? በአንድ ቀን አታስተምሯቸው። አንዱ ሲጸና ሌላው ይከተላል።

ትምህርት ቤትም ሂዱ። «ወላጅ አምጣ» እስኪባል አትጠብቁ። መምህሩን በአክብሮት አነጋግሩ። ከፊት ይቀመጥ። ሳይዘጋጅ በክፍሉ ፊት እንዲያነብ አይገደድ። የሚያውቀውን በቃሉ እንዲመልስ ዕድል ይሰጠው። «ክፍል ይድገም» ካሏችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ከርሞ በምን የተለየ መንገድ ሊማር ነው?

የቤታችሁን አነጋገርም ቀይሩ። «እህትህን አታይም?» ይብቃ! «ዛሬ ሦስቱን ለየሃቸው» በሉት። የሠራውን ነገር ለይታችሁ አመስግኑ። ማታ ደግሞ እናንተ አንብቡለት። ንባቡ ቢዘገይም እውቀቱ ለምን ይዘግይ?

ስኮትላንዳዊው የመኪና ተወዳዳሪ ጃኪ ስቱዋርት በትምህርት ቤት እንደ ደደብ ተቆጥሮ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ1971 እና በ1973 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዲስሌክሲያ እንዳለበት ያወቀው ግን ከ40 ዓመቱ በኋላ፣ ልጁ ሲመረመር ነው! የእናንተስ ልጅ እስከዚያ ይጠብቅ?

ዲስሌክሲያ በአንድ ወር ብን ብሎ አይጠፋም። ንባብ ግን በልምምድ ይሻሻላል። ይረሳል፤ ድገሙት። ይሰለቻል፤ አሳጥሩት። ብቻ አታቋርጡ።

ወስኑ! ሰዓቱን ምረጡ። ከራት በፊት? ይሁን። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ስልካችሁን አርቁ፤ ትሪውን አምጡ።

ዛሬ ማታ አንድ ፊደል ብቻ። ነገም እንደገና!