የልብስ ማጠቢያ ማሽን የውኃ መጠን እንዴት ይመረጣል?

ከላይ በሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ» እና «ከፍተኛ» የሚሉ የውኃ መጠን ምርጫዎችን እናገኛለን። አብዛኛዎቹ ማሽኖች ምርጫችንን የሚፈጽሙት ግፊትን በመለካት ነው። ከገንዳው ሥር በሚነሣ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አየር ይታመቃል፤ ውኃው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ በ98 ፓስካል ገደማ ይጨምራል። ግፊቱ ከተመረጠው ልክ ሲደርስ የውኃው መግቢያ ይዘጋል።

የትኛውን እንምረጥ? ውኃው ልብሱን ሸፍኖ እንደ ልብ ሊያገላብጠው ይገባል። ካነሰ ልብስ ከልብስ ጋር ይፋተጋል፤ ከበዛ ደግሞ ሳሙናው ይቀጥናል፣ ውኃውም ይባክናል።

በማለቅለቅ ጊዜስ? ተጨምቆ የወጣው ልብስ 5 ሊትር የሳሙና ውኃ ይዟል እንበል። 45 ሊትር ንጹሕ ውኃ በአንድ ጊዜ ብንጨምርበት የሳሙናው ጥንካሬ ወደ 1/10 ይወርዳል። በ20 ሊትር ብናለቀልቀው ግን ወደ 1/5፣ እንደገና ጨምቀን በሌላ 20 ሊትር ብንደግመው ወደ 1/25 ይወርዳል። ስለዚህ በ40 ሊትር ከ45 ሊትር የተሻለ ንጽሕና አገኘን ማለት ነው።

ይኸው ስሌት ውኃ በጄሪካን ቀድቶ በሳፋ ለሚያጥብም ይሠራል፤ በሚገባ መጭመቅና ውኃውን ከፋፍሎ መጠቀም ይበጃል።