የወደቀ ቅጠል የት ይገባል?

በዚህ እትም ይዤላችሁ የመጣሁት ስለ ፈንገስ ነው። ስሙን ስትሰሙ ፊታችሁን እንዳታጨማድዱ። እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ፈንገስ ነው፤ በእርሾ ውስጥም አለ፤ ክረምት ሲገባ ብቅ የሚለው የጅብ ጥላም ፈንገስ ነው።

ጫካ ውስጥ በየጊዜው ቅጠል ይረግፋል፣ ማንም ግን አይጠርገውም። ታዲያ ለምን ዛፎቹን እስከ አንገታቸው አልቀበራቸውም? ትልም፣ ምስጥና ባክቴሪያ ያግዛሉ፤ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ግን ፈንገስ ነው። የጅብ ጥላ የምንለው ብናኙን የሚበትንበት ክፍል ብቻ ነው። ዋናው አካሉ ከፀጉር የቀጠነ ክር ሆኖ ከቅጠሉ ሥር ተዘርግቷል። አፍም ሆድም የለውም። ከክሩ ኢንዛይም ያወጣና ምግቡን እዚያው ውጭ ያሟሟዋል፣ ከዚያ ይመጠዋል። እኛ በልተን እንፈጫለን፣ እሱ ፈጭቶ ይበላል ማለት ነው! ቅጠልንና እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን ብዙዎቹ ተሕዋስያን አይደፍሩትም። አንዳንድ ፈንገሶች ግን ይሰባብሩታል፤ የበሉት ቦታም እየነጣ ይሄዳል።

እንደ አማዞን ባለ ሞቃትና እርጥብ ጫካ ይህ ሥራ በጣም ይፈጥናል። እዚያ አብዛኛው መሬት ደሃ ነው፤ ዛፉ የሚመገበው ከላይ ከሚበሰብሰው ቅጠል ነው። ለዚህ ነው ጫካው ተመንጥሮ ሲቃጠል እርሻው ጥቂት ዓመት አብቅሎ የሚደክመው። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ማራስሚየስ የሚባለው የፈንገስ ወገን ነው። ከነሱ አንዳንዶቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እንደ ፈረስ ጭራ ያለ ጥቁር ክር ይዘረጉና ቅጠሉን መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይቀልቡታል። ወፎችም ክሩን ለጎጇቸው ይወስዱታል።

በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በመዘገበው በካፋ ጫካ፣ ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ማዳበሪያ ሳይጨምርለት ያፈራል። የሚረግፈው ቅጠል ነው ማዳበሪያው።

አሁን ወደ ግቢያችን ልምጣ። ጠዋት ተረኛ ክፍል ቅጠሉን ይጠርጋል፣ ከዚያ ይቃጠላል። መስኮት ዳር የምንቀመጠው እናስላለን። ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ አመዱን ደግሞ ዝናብ ያጥበዋል። ከዚያ የአትክልት ቦታው ጎመን ቢጫ ሆነ ብለን እንገረማለን!

ባለፈው ክረምት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሬ ነበር። የዋንዛና የባሕር ዛፍ ቅጠል እርጥብ አፈር ላይ አድርጌ በጆንያ ሸፈንኳቸው። ከወር በኋላ ስገልጠው ዋንዛው ጅማቱ ብቻ ቀርቶ ወንፊት መስሏል። ባሕር ዛፉ ግን ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። ዘይትና ሌላም ለመበስበስ የማይመች ነገር ስላለው ነው የሚዘገየው። ስለዚህ ለብስባሽ የባሕር ዛፍ ቅጠል ባይበዛ ይሻላል። ላስቲክማ ጭራሽ አይገባም። አፈርና የላም እበት ጣል ጣል ማድረግ፣ ውኃ ማርከፍከፍና አልፎ አልፎ ማገላበጥ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ክምሩ ላይ የጅብ ጥላ ቢበቅል እንዳትቀምሱት። ገዳይ መርዝ ያለው አለ፣ ቢቀቀልም መርዙ አይጠፋም። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጆችም ንገሯቸው።

መምህራን ከፈቀዱልን ከአትክልት ቦታው አጠገብ አንድ ጉድጓድ እንጀምር። አካፋ አለን፣ ዶማ ግን የለንም። ከቤቱ ማምጣት የሚችል ተማሪ አርብ በረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ በር ላይ ያግኘን።