«ጉፍራነክ» እና ሁለቱ ኩላሊቶቻችን



ጁምዓ ሰግደን መርካቶ ከታላቁ አንዋር መስጂድ ስንወጣ፣ የሕክምና ወረቀት ይዞ «ለኩላሊት እጥበት እርዱኝ» የሚል ሰው አይተን እናውቃለን። ያለንን ሰጥተን ወደ ገበያው ግርግር እንገባለን። ዛሬ ግን ትንሽ ቆም እንበል። ያ ወንድማችን በገንዘብ የሚለምነው ሥራ፣ በእኛ ውስጥ በነጻ የሚሠራው እንዴት ነው?

ኩላሊት የጭብጥ እጅ ያህል ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን በእያንዳንዱ ውስጥ በአማካይ 1 ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን የሚባሉ ማጣሪያዎች አሉ። የኔፍሮን መነሻ ግሎመሩለስ ነው፤ እንደ ክር ድውር የተጠቀለሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ማለት ነው። ደም በግፊት ሲያልፍባቸው ውሃ፣ ጨው፣ ስኳርና ቆሻሻው አብረው ይጣራሉ። የደም ሴሎችና አብዛኛው ፕሮቲን ግን እዚያው ደም ውስጥ ይቀራሉ። እንዲህ የሚጣራው በቀን 180 ሊትር ያህል ነው፤ ባለ 20 ሊትር ዘጠኝ ጀሪካን!

የምንሸናው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። የቀረው የት ገባ?

መርካቶ ሱቅ ሲጸዳ አይታችኋል? ባለሱቁ ዕቃውን ሁሉ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ከዚያ የሚፈልገውን መርጦ ይመልሳል፤ የማይረባው ውጭ ይቀራል። ኔፍሮንም እንዲሁ ነው። የተጣራው ፈሳሽ በጠመዝማዛ ቱቦ ሲጓዝ፣ የቱቦው ሴሎች ስኳሩን በሙሉ፣ ውሃውንና ጨውን ደግሞ አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሳሉ። በረመዳን ወደ መግሪብ ሽንታችን ጠቆር የሚለውም ለዚህ ነው። ውሃ ሲያንስ ከአንጎል የሚላክ ሆርሞን «ውሃውን መልሱ» ይላቸዋል። እኛ ጥማታችንን ስናስብ፣ ኩላሊት ጠብታ እየቆጠበልን ነው። ሱብሓነላህ!

ይህ ሥራ ሲቆም፣ ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከእጥበት ማሽን ጋር ይታሰራል። በሀገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ «ጉፍራነክ» እንላለን፤ «ምሕረትህን» ማለታችን ነው። እዚህ ቦታ ላይ ምሕረት ለምን? ዑለማዎች ከጠቀሷቸው ጥበቦች አንዱ ይህ ነው፦ ጠቃሚውን ያስቀረልንን፣ ጎጂውን ያስወጣልንን አላህ በሚገባው ልክ ማመስገን ስለማንችል፣ ስለ ጉድለታችን ምሕረት እንጠይቃለን። ስንቶቻችን ነን ይህን እያሰብን የምንለው?

ሹክር ደግሞ በምላስ ብቻ አይደለም። ከተወለድን በኋላ አዲስ ኔፍሮን አይፈጠርም፤ የተሰጠን አማና ያው ነው። ዋነኞቹ ጠላቶቹ ስኳርና የደም ግፊት ናቸው፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ እስኪበረታ ድረስ አይሰማም። ስለዚህ ግፊታችሁን ተለኩ፤ ወላጆቻችሁንም አስለኩ። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ምክር አታዘውትሩ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ዛሬ ከመስጂድ ስትወጡ ያ ወረቀት የያዘ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሰደቃችሁን ስትሰጡ ዓይኑን እዩት፤ ዱዓም አድርጉለት። እናንተ ሳታውቁት ያገኛችሁትን እርሱ በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ይፈልገዋል።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ ጸጋውን ሳይወስድብን የምናውቅ ያድርገን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!