«አህመድ» ማን ነው? ዋቢዎችን ወደ ዞተሮ ስናስገባ



የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ስለደረሰ የዛሬው ትምህርት ዋቢዎችን ከመረጃ ቋት ወደ ዞተሮ ስለማዛወር ነው። ዞተሮ በነፃ የሚገኝ የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር ነው፤ ሜንደሌይ ወይም ኤንድኖት የምትጠቀሙም አካሄዱ ብዙ አይለይባችሁም።

ማዛወሩ ቀላል ነው። ፐብሜድ ላይ የፈለጋችኋቸውን ጽሑፎች ምልክት አድርጋችሁ «ሴንድ ቱ»፣ ቀጥሎ «ሳይቴሽን ማኔጀር» ስትሉ አንድ ፋይል ይወርዳል። ሌሎች ቋቶች ብዙውን ጊዜ «አር አይ ኤስ» የሚባለውን ፋይል ይሰጣሉ። ዞተሮን ከፍታችሁ ከ«ፋይል» ሥር «ኢምፖርት» በሉ። ይህኛው ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ለእረፍት ወደ ገጠር የምትሄዱ ፋይሉን ኔትወርክ ባለበት አውርዳችሁ ቀሪውን ቤት ሆናችሁ መጨረስ ትችላላችሁ።

ስለ አካባቢያችን ስትፈልጉ አጻጻፉን ለዋውጡ። ፍኖተ ሰላም በእንግሊዝኛ አንዳንዴ አንድ ቃል፣ አንዳንዴ ሁለት ሆኖ ይጻፋል፤ ቡሬም «አይ» የምትባለው ፊደል ትገባበታለች፣ ትወጣበታለች። ኢሉባቦር ውስጥም ቡሬ ስላለ የመጣው ሁሉ የጎጃሙ አይደለም። በየአጻጻፉ ፈልጋችሁ ስታስገቡ አንዱ ጽሑፍ ሊደጋገም ይችላል፤ «ዱፕሊኬት አይተምስ» ውስጥ ገብታችሁ አዋህዱት።

ትልቁ ጣጣ ስም ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ2001 እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና መጽሐፍ አሳትመዋል። አብዱሰመድ አህመድ ደግሞ የጎጃምን ንግድ ያጠኑ የታሪክ ምሁር ናቸው። ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ስለሚወስድ በጽሑፋችሁ ውስጥ ሁለቱም «አህመድ» ሆነው ይቀራሉ፤ በእንግሊዝኛ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። አህመድ ግን የአባት ስም ነው፤ መጽሐፉን የጻፉት ሁሴን ናቸው። በኔ ጽሑፍ አንድ ተመራማሪ አንዴ በራሱ፣ አንዴ በአባቱ ስም ገብቶ አማካሪዬ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዞተሮ ላይ ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፤ ሙሉ ስሙ በቅደም ተከተሉ መቀመጡን እዩ። ትምህርት ክፍላችሁ በአባት ስም አስቀድሙ የሚል መመሪያ ካለው ግን እሱን ተከተሉ፤ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን። ከዚያ እያንዳንዱን ስም ከጽሑፉ የፊት ገጽ ጋር አስተያዩ። ሠላሳ ዋቢ ቢሆን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያልቃል።