ጥቁር ባሕርን ያራቆተው ማን ነው?

በወጣትነታቸው ዘመን ወደ ኦዴሳ ተሻግረው ስለ ባሕር ፍጥረታት የተማሩ አንድ አዛውንት መምህር፣ ሥነ ሕይወት ለሚያጠናው የወንድማቸው ልጅ የሰጡት መልስ ለሌላውም ተማሪ ይጠቅማል ብለን ምልልሱን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ጄሊፊሽ የሚመስል አንድ እንግዳ ፍጥረት ወደ ጥቁር ባሕር ገብቶ የዓሣ አጥማጆቹን ኑሮ እንዳናጋው አንብቤአለሁ። አጥንትም ጥርስም የሌለው፣ ከመቶው እጅ ከዘጠና አምስት በላይ ሰውነቱ ውኃ የሆነ ፍጥረት ይህን ያህል ጥፋት ለማድረስ እንዴት ተቻለው?

መምህሩ፦ ልጄ፣ ከመፍረዳችን በፊት የተከሰሰውን ፍጥረት ማንነት እንወቅ። ሊቃውንት ኔሚዮፕሲስ ብለው የሰየሙት ይህ ፍጥረት በመልኩና በልስላሴው ጄሊፊሽን ይምሰል እንጂ በዘሩ ከዚያ ወገን አይደለም፤ ጄሊፊሽ የሚናደፍበትን መርዘኛ ሕዋስ አልታደለምና የዋናተኛን ገላ አይለበልብም፤ የሚንቀሳቀሰውም በሰውነቱ ላይ በስምንት ረድፍ የተደረደሩትን፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰካኩትን ጥቃቅን ፀጉሮች እያርገበገበ ነው። ጥንተ አገሩ የአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ሲሆን፣ መርከቦች ጭነታቸውን ባራገፉ ጊዜ ሚዛናቸው እንዳይዛባ በሆዳቸው ከሚሞሉት የባሕር ውኃ ጋር አብሮ ተቀድቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጥቁር ባሕር ገባ፤ በ1989ም ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር ሞላው።

ወጣቱ፦ ምን እየበላ ነው እንዲህ የበዛው?

መምህሩ፦ ዋና ምግቡ ዙፕላንክተን ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ማዕበሉን ተቃውመው ለመዋኘት ኃይል የሌላቸው፣ ውኃው ወደ ወሰዳቸው የሚሄዱ ደቂቅ እንስሳት ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል ኮፔፖድ የተባሉት፣ ቁመታቸው ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፈው፣ በቍጥር ከሁሉ ይበልጣሉ። የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው የሚያድጉትን በዓይን የማይታዩ የውኃ ዕፅዋት እነርሱ ይመገባሉ፤ እነርሱን ትናንሽ ዓሦች፣ ትናንሾቹንም ታላላቆቹ ይመገባሉ፤ ስለዚህ የባሕር ማዕድ ሁሉ በእነዚህ በማይታዩት ጫንቃ ላይ የቆመ ነው። በጥቁር ባሕር ደግሞ ከመቶ ኀምሳ ወይም ከሁለት መቶ ሜትር በታች ያለው ቀላይ ኦክስጅን የሌለበት፣ በሰልፋይድ የተመረዘ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ሕይወት ተጨናንቆ የሚኖረው ከላይ ባለው ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ኔሚዮፕሲስ እዚያ ገብቶ አንቾቪ የተባለውን ትንሽ ዓሣ ምግቡን ተሻማው፤ ይህ ሳይበቃውም የዓሣውን እንቍላልና ገና የተፈለፈለውን ጫጩት በላበት። የኔሚዮፕሲስ አንዱ ግለሰብ ወንድም ሴትም ስለሆነ ያለ ተጓዳኝ ራሱን አዳቅሎ በብዙ ሺህ የሚቈጠር እንቍላል ይጥላል፤ በራብ ዘመንም ሰውነቱን እያሳነሰ ይቈያል። የቱርክ አጥማጆች በ1988 ከ250 ሺህ ቶን በላይ አንቾቪ አውጥተው ሳለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኙት ከ100 ሺህ ቶን በታች ሆነ።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ጥፋተኛው እንግዳው ነው።

መምህሩ፦ አትቸኩል። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት የባሕሩ ሥርዓት ምን ይመስል እንደ ነበረ መች ጠየቅህ? ትናንሾቹን ዓሦች እየበሉ ልክ ያበጁላቸው የነበሩት ዶልፊኖችና ታላላቆቹ ዓሦች ከብዙ ዓመታት በፊት በአዳኝና በአጥማጅ እጅ ተመናምነው ነበር። ዳኑብና ድኒፐር የመሳሰሉት ወንዞች ከአውሮፓ እርሻ ያጠቡትን ማዳበሪያ እያመጡ ሲያፈሱበት፣ ዋቅላሚ የተባለው ደቂቅ የውኃ ዕፅ ከልክ በላይ በዝቶ፣ ሞቶ ሲበሰብስም ኦክስጅኑን እየጨረሰ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ምዕራቡ ጥልቀት በሌለው ወለል የሚኖሩትን ፍጥረታት አፍኖ ገደለ። የባሕሩ ተወላጅ የሆነው አውሬሊያ የተባለው እውነተኛው ጄሊፊሽም ቢሆን ኔሚዮፕሲስ ሳይነግሥ አስቀድሞ እጅግ በዝቶ ነበር። በዚያ ላይ አንቾቪውን የሚያጠምዱት መርከቦች በዝተውና በርትተው ነበርና፣ እንግዳው የደረሰው ጠባቂዎቹ ወደ ተወገዱለት፣ ተቀናቃኙም ወደ ተዳከመለት ባሕር ነው።

ወጣቱ፦ ሊቃውንቱ ይህን ሁሉ ከምን አወቁት? ዓሣስ በሚዛን ይመዘናል፤ ውኃ የሆነውን ፍጥረት ግን እንዴት ይቈጥሩታል?

መምህሩ፦ በብዙ ድካም። መርከቧን አቁመው ዓይኑ እጅግ የጠበበ መረብ ወደ ጥልቁ ያወርዳሉ፤ ወደ ላይም እየሳቡ እያንዳንዱን የጥልቀት ደረጃ ለብቻው ያጠልላሉ። ዙፕላንክተኑ በፎርማሊን ተጠብቆ ወደ ቤተ ሙከራ ሊሄድ ይችላል፤ ኔሚዮፕሲስ ግን በፎርማሊን ውስጥ ሟሙቶ ስለሚጠፋ፣ ከመረቡ እንደ ወጣ እዚያው በመርከቡ ላይ መቈጠርና መለካት አለበት፤ ይህን ያላወቀ ተመራማሪ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይመለስና «ባሕሩ ንጹሕ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ጥንቃቄ የክብደት ነገር ነው፤ አብዛኛው ውኃ ነውና የእርጥቡ ክብደት እጅግ ያስደነግጣል፤ በውስጡ ያለው ሥጋ ግን ጥቂት ስለሆነ፣ ከዓሣ ጋር የሚነጻጸረው ውኃው ተቀንሶ ነው። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው፤ ካላኑስ የተባለው ኮፔፖድ ቀን ቀን ወደ ቀዝቃዛው ጥልቅ ይወርዳል፣ ሌሊት ወደ ላይ ይወጣል፤ ኔሚዮፕሲስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሞቃቱ ንብርብር አይለይም። ስለዚህ መዓልትንና ሌሊትን ሳይለይ የቈጠረ ሰው ማን በማን እንደ ተበላ አያውቅም።

ወጣቱ፦ መድኃኒትስ ተገኘለት?

መምህሩ፦ በ1997 ቤሮዌ የተባለ ሌላ ፍጥረት በባሕሩ ታየ። ከዚያው ከኔሚዮፕሲስ ወገን ሲሆን፣ ምግቡ ግን ራሱ ኔሚዮፕሲስ ነው፤ ሆን ብሎ ያመጣውም ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በበጋው መጨረሻ ቤሮዌ ሲበዛ ኔሚዮፕሲስ ይቀንሳል፤ ዙፕላንክተኑና የዓሣው እንቍላልም ዕረፍት ያገኛሉ። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የሶቪየት ኅብረት ፈርሶ የማዳበሪያው አጠቃቀም ቀንሶ ስለ ነበር፣ ምስጋናውን ሁሉ ለቤሮዌ የሚሰጥ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በኔሚዮፕሲስ ላይ እንደ ጫነው ሰው ይሳሳታል። ለወደፊቱ እንዲህ ያለው ዝውውር እንዲገታ፣ መርከቦች የሚጭኑትን የሚዛን ውኃ እንዲያጣሩ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 ተፈርሞ በ2017 ጸና።

ወጣቱ፦ ሊቃውንቱ ሁሉ በዚህ ይስማማሉን?

መምህሩ፦ አይስማሙም። የአንቾቪውን ውድቀት ከሁሉ አስቀድሞ በአጥማጆች ስግብግብነት የሚያመካኙ አሉ፤ ለእንግዳው ትልቁን ድርሻ የሚሰጡም አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ አብረው ሠርተዋል፤ የዓሣው ትውልድ በመረብ ባይሳሳ ኖሮ እንግዳው ብቻውን እንዲያ ባልበረታም ነበር።

ወጣቱ፦ እንግዲያው አንድ ቀን ወደ ባሕር ብወርድ ጥናቴን ከምን ልጀምር?

መምህሩ፦ ሁሉም ከሚያየው ከዓሣውም፣ ሁሉም ከሚፈራው ከጄሊፊሹም አትጀምር፤ ዙፕላንክተኑን በየወሩ፣ በዚያው ሥፍራ፣ በዚያው ዓይነት መረብ ቍጠር፤ ምንም አዲስ ነገር በማይገኝበት ዓመትም እንኳ አታቋርጥ። በሶቪየት፣ በሩማንያና በቡልጋሪያ ዳርቻዎች የነበሩት ተመራማሪዎች ማንም ሳያመሰግናቸው ለብዙ ዓመታት ያደረጉት ይህን ነው፤ እነርሱ አስቀድመው ቈጥረው ባይቈዩን ኖሮ፣ ባሕሩ ከእንግዳው በፊት ታሞ እንደ ነበረ የሚመሰክርልን ጠፍቶ፣ ዛሬም ድረስ ሁላችን አንድ ተከሳሽ ብቻ ይዘን እንቀር ነበር።