የእርሻን ወሰን ወደ ካርታ መዝገብ ስለ ማግባት
ለአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለይዞታዎች የሚጠቅም ትምህርት

የመሬት ወሰን መታወቁ ለሦስት ነገር ይጠቅማል። ይኸውም ገበሬው ያለ ሥጋት እንዲያርስ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ በሰላም እንዲኖር፣ መንግሥትም ግብሩን በእውነት ላይ እንዲመሠርት ነው። ወሰኑ የማይታወቅ መሬት ግን ለባለቤቱ ክርክር፣ ለዳኛው ድካም፣ ለወረዳው ሁከት ይሆናል።

በቀድሞ ዘመን መሬት በቃላድ ይለካ ነበር። መዝገቡም የመሬቱን ብዛት በጋሻ ይናገራል፤ አንድ ጋሻ 40 ሔክታር ያህል ነው። መዝገቡ ብዛቱን ቢናገርም መሬቱ በምድር ላይ በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚገኝ አይናገርም ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብት ያለው ባለይዞታ ተባለ። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም በሌሎች ክልሎች የይዞታ ደብተር ይሰጥ ጀመር። ነገር ግን በዚህ በመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ላይ የሚጻፈው በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ስለ ነበረ፣ አዋሳኙ በሞተ ወይም አገር በለቀቀ ጊዜ ወሰኑም አብሮ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ በሁለተኛው ደረጃ እያንዳንዱ ማሳ በአየር ፎቶግራፍ ላይ ወይም በመለኪያ መሣሪያ ተለክቶ በካርታ እንዲመዘገብ ተደረገ። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግም በአዋጅ ቁጥር 456/1997፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተደንግጓል።

እንዲህ የተለካው ወሰን የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት ወይም በአጭሩ ጂ.አይ.ኤስ. ወደሚባለው የኮምፒዩተር የካርታ መዝገብ ይገባል። በዚህ መግቢያ በር ላይ የሚደርሰው ስሕተት በእርሻው ላይ ከሚደርሰው ስሕተት የበለጠ ጉዳት አለው። ቀያሽ ቢሳሳት የአንድ ማሳ ወሰን ይበላሻል፤ መዝገብ አግቢው ቢሳሳት ግን የአንድ ቀበሌ ወሰን በአንድ ጊዜ ይበላሻል። ስለዚህ የወረዳ ሹም ኮምፒዩተሩን በእጁ ባይነካም፣ ሠራተኛውን ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ማወቅ አለበት።

1ኛ፤ የመረጃውን ምንጭ ስለ መመርመር

መረጃው ከመግባቱ አስቀድሞ ማን እንደ ለካው፣ መቼ እንደ ለካው፣ በምን መሣሪያና በየትኛው የልኬት መነሻ እንደ ለካው በጽሑፍ መያዝ ይገባል። የመጣው ዋና ፋይል ሳይነካ በተለየ ቦታ ይቀመጥ፤ ሥራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሠራ። ሼፕ ፋይል የሚባለው ዓይነት አንድ ፋይል ቢመስልም የበርካታ ፋይሎች ማኅበር ነው፤ አንዱ ቅርጹን፣ አንዱ ማውጫውን፣ አንዱ የጽሑፉን ሠንጠረዥ፣ አንዱ ደግሞ የልኬቱን መነሻ ይይዛል። ይህ የመጨረሻው ቢጎድል ካርታው ይከፈታል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ እንደ ተቈጠረ የሚመሰክር የለም።

2ኛ፤ ስለ ልኬት መነሻ

በኢትዮጵያ ሁለት የልኬት መነሻዎች ይገኛሉ። አንደኛው አዲንዳን ይባላል፤ ስሙም በግብፅና በሱዳን ድንበር አቅራቢያ በአባይ ዳር ከነበረ የኑቢያ ስፍራ የመጣ ነው። የቀድሞዎቹ የአገሪቱ ካርታዎች በዚህ የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛው ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 የሚባለው ሲሆን በሳተላይት የሚሠራው የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ የሚጠቀምበት ነው። አንዱ የምድር ነጥብ በሁለቱ መነሻዎች ሲቈጠር ሁለት ልዩ ልዩ ቁጥር ይኖረዋል። በአዲስ አበባ አካባቢ የደብልዩ.ጂ.ኤስ. ቁጥር ከአዲንዳኑ ወደ ምሥራቅ በ90 ሜትር፣ ወደ ሰሜንም በ200 ሜትር ያህል ይበልጣል።

ግማሽ ሔክታር የሆነ ማሳ 50 ሜትር በ100 ሜትር ቢሆን፣ ይህ ልዩነት ማሳውን በሙሉ ከቦታው ነቅሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሌላ ሰው እርሻ ላይ ያኖረዋል ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው ነገር አለ፤ የቀበሌው ማሳዎች ሁሉ አብረው ስለሚሄዱ በመካከላቸው መደራረብም ሆነ ክፍተት አይታይም። ስሕተቱ የሚገለጠው ካርታው በትክክል በተቀመጠ የአየር ፎቶግራፍ ላይ ሲነጠፍና የማሳው መስመር ከታወቀ መንገድ፣ ከወንዝ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጋር ሲተያይ ነው። ወይም ደግሞ የጎረቤቱ ቀበሌ በሌላው መነሻ ተመዝግቦ እንደ ሆነ፣ በአንዱ ወገን መደራረብ በሌላው ወገን ባዶ መሬት ይታያል። ሁለቱ ቀበሌዎች በዚህ ምክንያት ቢካሰሱ የክርክሩ ምንጭ በምድር ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው።

በዚህ ላይ መሰየምና መለወጥ ሁለት ነገር መሆናቸው ይታወቅ። 1967 ተብሎ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በተጻፈ ዘመን ላይ «እንደ አውሮጳ አቈጣጠር» የሚል ቃል ቢጨመርበት ዘመኑ አይለወጥም፤ ውሸት ይሆናል እንጂ። እንዲሁም በአዲንዳን የተለካውን ፋይል ደብልዩ.ጂ.ኤስ. ብሎ መሰየም ቁጥሩን አያስተካክለውም። አስቀድሞ በትክክለኛ ስሙ ይሰየማል፤ ከዚያ በኋላ በስሌት ይለወጣል። በዩ.ቲ.ኤም. ዞን 37 ለአዲንዳን የሚሰጠው የኢ.ፒ.ኤስ.ጂ. መለያ 20137፣ ለደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 የሚሰጠው 32637 ነው።

እዚህ ላይ ዞን የተባለው የአስተዳደር ዞን አይደለም፤ ምድር በኬንትሮስ በየ6 ዲግሪው የተከፈለችበት የካርታ ክፍል ነው። ኢትዮጵያ በሦስት ክፍል ታርፋለች። ጋምቤላና አሶሳ በ36ኛው፣ አዲስ አበባና ጎንደር በ37ኛው፣ ጅጅጋ በ38ኛው ናቸው። ድሬዳዋና ሐረር ጎረቤት ሳሉ የ42 ዲግሪ መስመር በመካከላቸው ስለሚያልፍ ድሬዳዋ በ37ኛው፣ ሐረር በ38ኛው ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ አገር የሚሠራ ሹም በሁለቱ ክፍል የመጣውን መረጃ ሳያስተካክሉ እንዳያቀላቅሉበት ይጠንቀቅ።

ደግሞ የምሥራቁና የሰሜኑ ቁጥር ቦታ እንዳይለዋወጥ መመልከት ያስፈልጋል። ከ9 ዲግሪ ገደማ በስተ ሰሜን የሰሜኑ ቁጥር ከ1,000,000 ስለሚያልፍ በዲጂቱ ብዛት ይለያል። በደቡብ አገር ግን ሁለቱም ባለ 6 ዲጂት ናቸው። በሐዋሳ የምሥራቁ ቁጥር 442 ሺህ፣ የሰሜኑ 780 ሺህ ያህል ነው፤ ቢለዋወጡ ኮምፒዩተሩ ሳይቃወም የሐዋሳን ማሳ በኬንያ ወሰን አጠገብ ያስቀምጠዋል።

3ኛ፤ ስለ ስምና ስለ መለያ ቁጥር

ወሰኑ ያለ ባለይዞታው ስም ዋጋ የለውም። የሼፕ ፋይል የዓምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ የዓምድ ስም ከ3 ፊደል በኋላ ይቈረጣል፤ በዓምዱ ውስጥ የሚጻፈውም ቃል ቢበዛ 84 ፊደል ነው። ረጅም ጽሑፍ ያለበት መዝገብ በሌላ ዓይነት ፋይል ቢላክ ይሻላል።

የማሳው መለያ ቁጥር እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ይመዝገብ፤ አለዚያ ከፊቱ ያሉት ዜሮዎች ይጠፉና የአንዱ ቀበሌ ማሳ ከሌላው ጋር ይምታታል። የፊደልም ጉዳይ አለ፤ «ኀይሉ» እና «ሃይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሰውን በስሙ ብቻ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ማገናኘት ይገባል።

ከሁሉም ይልቅ ሊጠነቀቁለት የሚገባ የጋራ ይዞታ ነው። ባልና ሚስት በአንድነት የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ይመዘገባል። መዝገቡ ለአንድ ማሳ አንድ የስም ቦታ ብቻ አዘጋጅቶ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ስም ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ የሚጻፈው የሚስት ስም ነው። ይህ ጉድለት ባል በሕይወት ሳለ አይታይም፤ ባል ሲሞት ወይም ሲፋቱ፣ ወይም ለመንገድ ሥራ መሬቱ ተወስዶ ካሣ ሲከፈል ይገለጣል። ያን ጊዜ ሴቲቱ ደብተሩን በእጇ ይዛ ስሟ በመዝገቡ የለም ትባላለች። ስለዚህ የማሳዎቹ ሠንጠረዥና የባለይዞታዎቹ ሠንጠረዥ ተለይተው ይሠሩ፤ በመካከላቸው ማሳውን ከባለይዞታዎቹ ሁሉ ጋር የሚያያይዝ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ይኑር። ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ የጋራ ይዞታዎቹ ብዛት ይቈጠር፤ ሁለቱ ቍጥሮች አንድ ካልሆኑ ሥራው ይቁም።

4ኛ፤ ስለ ማሳው ቅርጽ

ወሰኑ ዙሮ በራሱ ላይ የሚገጥም መሆን አለበት። መስመሩ ራሱን ያቋረጠ እንደ ሆነ ስፋቱ በትክክል አይሰላም። ከዚያም መደራረብና ክፍተት ይፈተሻል። በሁለት ማሳዎች መካከል እንደ ክር የቀጠነ ክፍተት ሲገኝ፣ አንዱ ወሰን ሁለት ጊዜ በመሣሉ የመጣ ስለሚሆን ነጥቦቹን በማጋጠም ይታረማል። ሰፊ መደራረብ ሲገኝ ግን ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲያስተካክል መተው አይገባም፤ አንዱን ቈርጦ ለሌላው መስጠት የዳኝነት ሥራ እንጂ የመሣሪያ ሥራ አይደለምና። እንዲህ ያለው ማሳ ምልክት ተደርጎበት ይቆይ፤ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ከአገር ሽማግሌዎችና ከሁለቱ አዋሳኞች ጋር በወሰኑ ላይ ቆሞ ይወስን።

ስፋቱም ከደብተሩ ጋር ይተያይ። ጥቂት ልዩነት ቢገኝ ወዲያው ቀያሹን መውቀስ አይገባም። በ39 ዲግሪ መስመር አጠገብ በዩ.ቲ.ኤም. ካርታ ላይ የሚሰላው ስፋት በአንድ ሔክታር 8 ካሬ ሜትር ያህል ያንሳል፤ የደጋው ከፍታም በዚህ ላይ ይጨምራል። ልዩነቱ ከዚህ እጅግ ሲበልጥ ግን ማሳው ተመልሶ ይለካ። በእጅ የሚያዝ ተራ የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ በጥቂት ሜትር ስለሚሳሳት፣ ማሳው በአገሩ መኖሩን ለማረጋገጥ ይበቃል፤ የወሰን ክርክር ለመቍረጥ ግን አይበቃም።

5ኛ፤ ስለ ማጽደቅና ስለ መጠበቅ

መረጃው በቀጥታ ወደ ዋናው መዝገብ አይግባ። አስቀድሞ በጊዜያዊ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ በዚያም ይመርመር። ካርታው ታትሞ በቀበሌው ለሕዝብ ይታይ፤ ባለይዞታው ማሳውን፣ ስሙን፣ የሚስቱን ስምና አዋሳኞቹን እንዲያይ ማንበብ ለማይችልም ይነበብለት። ቅሬታው ከታረመ በኋላ በሹም ፈቃድ ወደ ዋናው መዝገብ ይለፍ። ከዚያ በኋላ በውርስ፣ በስጦታ ወይም በክፍፍል ወሰኑ ቢለወጥ አሮጌው አይደምሰስ፤ የተለወጠበት ቀንና ምክንያት ተጽፎበት ይኑር። ዛሬ የተሠረዘው ወሰን ከዓመታት በኋላ በችሎት የሚፈለግ ምስክር ሊሆን ይችላልና። የመዝገቡም ግልባጭ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

እንግዲህ የወረዳ ሹም መዝገቡን ከማጽደቁ በፊት አምስት ነገር ይጠይቅ፤ የልኬቱ መነሻ በስሌት ተለውጦ ነው ወይስ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ነው? የገባው የማሳ ብዛት ከመጣው ብዛት ጋር ይተካከላልን? የጋራ ባለይዞታዎች ሁሉ ገብተዋልን? የተደራረቡት ማሳዎች በማን ተወሰኑ? ካርታው በአየር ፎቶግራፍና በምድር ላይ ታይቷልን? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ መልስ የሰጠውም ሠራተኛ ይፈርምበት። ከአምስቱ ለአንዱ መልስ የጎደለው መዝገብ እስኪሟላ ድረስ በጊዜያዊው ሠንጠረዥ ይቆይ፤ የጥቂት ቀን መዘግየት ለወረዳው ትንሽ ጉዳት ነው፤ በሐሰት የጸደቀ ወሰን ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ክርክር ነው።